የመኪና ቤዝ መቋረጥ

የመኪና ቤዝ መቋረጥ በመኪና ውስጥ የተገጠመ የሙዚቃ መሣሪያ ድምፁ ከፍ ሲደረግ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) የሚጠፋበት፣ ድምፁ ዝቅ ሲል ደግሞ ተመልሶ የሚሰማበት ብልሽት ነው። ብዙ ጊዜ የዘፋኙ ድምፅና ቀጫጭን ድምፆች ሳይቋረጡ ይቀጥላሉ፤ የሚጠፋው ቤዙ ብቻ ነው። በዚህ የተነሳ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እስፒከሩ ነው። በአብዛኛው ግን እስፒከሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ቤዙ የሚጠፋው አምፕሊፋየሩ ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ ሥራ ስለሚያቆም ነው።

አምፕሊፋየሩን ለዚህ የሚያበቁት ዋና ዋና ምክንያቶች ሦስት ናቸው፦ የሚደርሰው ቮልቴጅ ማነስ፣ የተገናኘበት የእስፒከር ኦም ከአቅሙ በታች መሆን እና ከመጠን ያለፈ ሙቀት። ከየትኛው እንደሆነ ለማወቅ ዕቃ ከመቀየር በፊት ቤዙ በሚመታበት ጊዜ መለካት ያስፈልጋል። ፊውዙን በትልቅ ፊውዝ መተካት ድምፁን ለጊዜው ሊመልስ ይችላል፤ ነገር ግን ለመኪና ቃጠሎ በር ይከፍታል።

ቤዝ ብዙ ኃይል የሚፈልግበት ምክንያት

ጤናማ የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ያሉ ድምፆችን ይሰማል። በሙዚቃ ውስጥ ቤዝ የሚባለው በዚህ ክልል ታችኛው ጫፍ ያለው ነው። ለምሳሌ የባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ይሰጣል። ሳብዉፈር የሚባለው ትልቅ እስፒከር በአብዛኛው ከ80 ወይም ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ እንዲያወጣ ይደረጋል።

ይህ ድምፅ ከሌሎቹ የበለጠ ኃይል የሚፈጀው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የጆሮ ተፈጥሮ ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1933 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ጆሮ ለወፍራም ድምፅ ያለው ንቃት ለመካከለኛ ድምፅ ካለው ያነሰ ነው። ስለዚህ ቤዙ ከዘፋኙ እኩል እንዲሰማ የበለጠ ጉልበት ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛው የአየር ጉዳይ ነው። የድምፁ ኸርዝ በግማሽ ሲቀንስ፣ ያንኑ የድምፅ መጠን ለማግኘት የእስፒከሩ ሾጣጣ ወረቀት አራት እጥፍ ርቀት ወደፊትና ወደኋላ መንቀሳቀስ አለበት።

በዚህ ላይ የዴሲቤል ስሌት ይጨመራል። ድምፅን በ3 ዴሲቤል ከፍ ለማድረግ የኃይሉን መጠን በእጥፍ ማሳደግ ያስፈልጋል። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ደግሞ 10 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም አሥር እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። የቴፑ ድምፅ መቆጣጠሪያ በትንሹ ሲዞር ከባትሪው የሚሳበው ኃይል በብዙ የሚያድገው ለዚህ ነው። በዝቅተኛ ድምፅ ያልታየ ደካማ መገጣጠሚያ ሁሉ በከፍተኛ ድምፅ ይጋለጣል።

ኃይሉ የሚያልፍበት መንገድ

የመኪና ባትሪ ሞተሩ ሲጠፋ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተሩ ሲሠራና አልተርኔተሩ (በተለምዶ ዲናሞ የሚባለው) ሲሞላው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ይሰጣል። በዚህ ቮልቴጅ ብቻ የሚሠራ የቴፕ የውስጥ አምፕሊፋየር ለአንድ ባለ 4 ኦም እስፒከር በተከታታይ ሊሰጥ የሚችለው 20 ዋት አካባቢ ነው። በቴፑ ፊት «50 ዋት በ4» ተብሎ የሚጻፈው ለቅጽበት የሚደርስበትን ከፍተኛ መጠን ነው። ለየብቻው የሚገጠም አምፕሊፋየር ግን በውስጡ ባለው ክፍል የባትሪውን ቮልቴጅ ከፍ አድርጎ ስለሚጠቀም በመቶዎች የሚቆጠር ዋት ማውጣት ይችላል።

ይህ ኃይል ከባትሪው መምጣት አለበት። ለምሳሌ 500 ዋት የሚያወጣና 80 በመቶ ብቃት ያለው አምፕሊፋየር ቤዙ ሲመታ 625 ዋት ይስባል። ይህ በ13.8 ቮልት ሲካፈል 45 አምፔር ይሆናል። እያንዳንዳቸው 55 ዋት የሆኑ ሁለት የፊት መብራቶች በአንድ ላይ የሚስቡት 8 አምፔር ገደማ በመሆኑ፣ አንድ የቤዝ ምት ለቅጽበት የሚወስደው ከፊት መብራቶቹ አምስት እጥፍ ያህል ነው። ቤዙ በመታ ቁጥር የመኪናው መብራት ደብዘዝ የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው።

45 አምፔሩ ከባትሪው ፖዘቲቭ ተነስቶ በፊውዝ፣ በረጅም ኬብልና በአምፕሊፋየሩ ውስጥ አልፎ፣ በማሳው (ኔጋቲቩ ከመኪናው አካል ጋር በሚገናኝበት ቦታ) በኩል ወደ ባትሪው ይመለሳል። ከእነዚህ አንዱ ቢደክም ቮልቴጁ መንገድ ላይ ይቀራል።

አምፕሊፋየሩ ራሱን የሚጠብቅበት ዘዴ

ዘመናዊ አምፕሊፋየሮች ውስጣቸው እንዳይቃጠል የሚከላከል ክፍል አላቸው። ብዙዎቹ የሚደርሳቸው ቮልቴጅ ከ10 ወይም ከ11 በታች ሲወርድ፣ ወደ እስፒከሩ የሚሄደው ፍሰት ከገደብ ሲያልፍ፣ ሙቀታቸው ሲበዛ ወይም በውስጣቸው የተበላሸ ክፍል ሲኖር ድምፁን ያቋርጣሉ። በዚህ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ መብራት ይበራል።

ድምፁ ሲቆም አምፕሊፋየሩ የሚስበው ኃይል ወዲያው ይቀንሳል። ቮልቴጁም ወደ ቦታው ስለሚመለስ አምፕሊፋየሩ እንደገና ሥራ ይጀምራል። ቀጣዩ ምት ሲመጣ ቮልቴጁ መልሶ ይወድቃል። ቤዙ ጠፋ መጣ የሚለው ከዚህ ዑደት ነው።

ዋና ዋና መንስኤዎች

የቀጠነ ኬብል። የአንድ የመዳብ ኬብል ሙግደት በውፍረቱና በርዝመቱ ይወሰናል። ባትሪው ከፊት፣ አምፕሊፋየሩ ከኋላ ሲሆን ኬብሉ 5 ሜትር ገደማ ይረዝማል። የኬብሉ ውፍረት 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ ሙግደቱ 0.0215 ኦም ይሆናል። ይህ ትንሽ ቢመስልም በ45 አምፔር ጊዜ 1 ቮልት ያህል ይበላል። ውፍረቱ 20 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ግን የሚጠፋው 0.2 ቮልት ብቻ ነው። ከላይ መዳብ የተቀባ የአሉሚኒየም ኬብልም በገበያ ይገኛል። ዋጋው ቢረክስም እኩል ውፍረት ካለው ንጹሕ መዳብ አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ሙግደት አለው። ኬብሉ ላይ ያለው ፕላስቲክ ወፍራም መሆኑ ውስጡ ወፍራም ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

ደካማ ማሳ። የአምፕሊፋየሩ ኔጋቲቭ ኬብል በቀለም ወይም በዝገት ላይ ከታሰረ ግንኙነቱ ደካማ ይሆናል። በዚያ ቦታ 0.05 ኦም ሙግደት ብቻ ቢኖር፣ በ45 አምፔር ጊዜ 2.25 ቮልት ይጠፋል፤ ብሎኑ ላይም 100 ዋት ያህል ሙቀት ይፈጠራል። ትክክለኛው አሠራር ላሜራው ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ እስኪታይ ከጸዳ በኋላ፣ ውፍረቱ ከፖዘቲቩ ያላነሰ አጭር ኬብል በብሎን አጥብቆ ማሰር ነው። የወንበር ወይም የመቀመጫ ቀበቶ ብሎን ለዚህ ሥራ አይመረጥም። ከኮፈኑ ሥር ባትሪውን ከመኪናው አካል የሚያገናኘው የፋብሪካ ማሳም ካረጀ ተመሳሳይ ችግር ያመጣል።

የባትሪና የአልተርኔተር ድካም። ያረጀ ባትሪ ሳይጫን 12.6 ቮልት እያሳየ ጭነት ሲመጣ በቅጽበት ሊወድቅ ይችላል። አልተርኔተርም ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር የሚሰጠው ከፍጥነት ላይ ከሚሰጠው በእጅጉ ያንሳል። በትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ የሚቋረጥ፣ መኪናው ሲሄድ ግን የሚስተካከል ቤዝ ወደዚህ ይጠቁማል።

ያነሰ ኦም። ሁለት ባለ 4 ኦም እስፒከሮች ጎን ለጎን፣ ማለትም ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ሲገናኙ ለአምፕሊፋየሩ 2 ኦም ይሆኑበታል፤ አራቱ ሲሆኑ 1 ኦም። ኦም ሲያንስ ፍሰት ይጨምራል። ሁለት ቻናሎችን አጣምሮ አንድ ሳብዉፈር ማስነሳት (ብሪጅ ማድረግ) ሲመረጥ እያንዳንዱ ቻናል የሚያየው የኦሙን ግማሽ ነው። ስለዚህ በብሪጅ ጊዜ ከ4 ኦም እንዳይወርድ የተጻፈበት አምፕሊፋየር በ2 ኦም ሲሠራ በዝቅተኛ ድምፅ ይጫወታል፣ ከፍ ሲል ይዘጋል።

የጌይን መብዛት። ጌይን የሚባለው መቆጣጠሪያ የድምፅ መጨመሪያ ሳይሆን የቴፑን የሲግናል መጠን ከአምፕሊፋየሩ ጋር ማስማሚያ ነው። ከልክ በላይ ሲከፈት የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጣል። ይህም ድምፁን ከማበላሸቱ በላይ አምፕሊፋየሩንና የእስፒከሩን ጥቅል ሽቦ ያሞቃል። ቤዝ ቡስት የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ 6 ዴሲቤል ሲጨመር በዚያ ድምፅ ላይ አራት እጥፍ፣ 12 ዴሲቤል ሲጨመር አሥራ ስድስት እጥፍ ኃይል ይጠየቃል።

ሙቀት። ክፍል ኤቢ የሚባሉት አምፕሊፋየሮች ከሚስቡት ኃይል ግማሽ ወደሚጠጋው ወደ ሙቀት ይለውጣሉ። ክፍል ዲ የሚባሉት ብቃታቸው ከ80 በመቶ በላይ ሊደርስ ስለሚችል አነስተኛ ሙቀት ያወጣሉ። በምንጣፍ የተሸፈነ፣ ከመቀመጫ ሥር የተጨናነቀ ወይም ከሳብዉፈሩ ሳጥን ላይ የተገጠመ አምፕሊፋየር አየር ስለማያገኝ ቶሎ ይሞቃል።

የእስፒከር ብልሽት። ጥቅል ሽቦውን ከውጭ መያዣው ጋር የሚያገናኙት ተጣጣፊ ሽቦዎች በብዙ እንቅስቃሴ ብዛት ውስጥ ውስጡን ሊበጠሱ ይችላሉ። ወረቀቱ በጥቂቱ ሲንቀሳቀስ ጫፎቻቸው ይነካካሉ፤ በብዙ ሲንቀሳቀስ ይለያያሉ። ጥቅል ሽቦው ሲሞቅም ሙግደቱ ይጨምራል፤ ለመዳብ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ጭማሪ 40 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ግን ቤዙን ቀስ በቀስ ያዳክመዋል እንጂ በአንድ ጊዜ አይቆርጠውም።

ሲግናልና ማስነሻ ሽቦ። ከቴፑ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደው የሲግናል ገመድ ከላላ የቤዙ ንዝረት ራሱ ሊያላቅቀው ይችላል። አምፕሊፋየሩን የሚያስነሳው ቀጭን ሽቦም ቮልቴጁ ከወረደ አምፕሊፋየሩ ይጠፋል። ይህ ሽቦ በብዙ ቴፖች ላይ ነጭ መስመር ያለው ሰማያዊ ነው።

ምልክቶችን ማንበብ

ብልሽቱ የሚታይበት ሁኔታ መንስኤውን ለመገመት ይረዳል።

• ቤዙ በመታ ቁጥር የሚቋረጥና የመኪናው መብራትም አብሮ የሚደበዝዝ ከሆነ ችግሩ ከባትሪ፣ ከኬብል ወይም ከማሳ ነው።
• መብራቱ ሳይደበዝዝ አምፕሊፋየሩ ቀይ የሚያሳይ ከሆነ ያነሰ ኦም፣ የተነካካ የእስፒከር ሽቦ ወይም የአምፕሊፋየሩ ማሳ ይጠረጠራል።
• ከ20 ወይም ከ30 ደቂቃ በኋላ የሚቋረጥና ሲቀዘቅዝ የሚመለስ ከሆነ ሙቀት ነው።
• የአምፕሊፋየሩ መብራት ጨርሶ የሚጠፋ ከሆነ ፖዘቲቭ ኬብሉ፣ የፊውዝ መያዣው ወይም ማስነሻ ሽቦው ይመረመራል።
• መብራቱ በደኅና እየበራ ቤዙ የሚጠፋ ከሆነ የሲግናል ገመዱ ወይም እስፒከሩ ነው።
• ቤዙ ሳይቆረጥ ሁልጊዜ በአንድ የድምፅ ቁጥር ላይ የሚቀንስ ከሆነ ብልሽት ላይሆን ይችላል። አንዳንድ የፋብሪካ ቴፖች ትንንሽ እስፒከሮቻቸውን ለመጠበቅ ድምፅ ሲጨምር ቤዝን ራሳቸው ይቀንሳሉ።
• በማንኛውም የድምፅ መጠን ቤዙ ቀጭን ከሆነ ከሁለት ሳብዉፈሮች የአንዱ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ አየር ሲገፋ ሌላው ስለሚስብ ድምፃቸው ይጣፋል።

የፍተሻ ቅደም ተከተል

ለፍተሻው አንድ ተራ ቴስተር ይበቃል። ሞተሩ እየሠራ የሚለካ በመሆኑ መኪናው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ መቆም አለበት። ኬብል ከመፈታቱ ወይም ከመታሰሩ በፊት የባትሪው ኔጋቲቭ ይላቀቃል።

1. ድምፁ ቀስ በቀስ ከፍ ተደርጎ ቤዙ በሚቋረጥበት ቅጽበት የአምፕሊፋየሩ መብራት ይታያል።

2. ሙዚቃው እየተጫወተ በአምፕሊፋየሩ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ መካከል ያለው ቮልቴጅ ይለካል። ዝቅተኛውን ንባብ የሚይዝ ቴስተር ቢሆን ይመረጣል፤ ምቱ ፈጣን ስለሆነ ተራው ሊያመልጠው ይችላል። ቮልቴጁ ወደ 11 ወይም ከዚያ በታች ከወረደ ችግሩ ኃይሉ በሚመጣበት መንገድ ላይ ነው።

3. ቮልቴጁ የጠፋበት ቦታ ይለያል። መጀመሪያ በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ ይለካል። እዚያም ከወደቀ ባትሪው ወይም አልተርኔተሩ ነው። በባትሪው ላይ ደኅና ከሆነ የቴስተሩ አንድ ጫፍ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላው ከአምፕሊፋየሩ ፖዘቲቭ ጋር ይደረጋል። የሚነበበው ቁጥር በኬብሉና በፊውዙ ላይ የጠፋው ቮልቴጅ ነው። ከዚያ በሁለቱ ኔጋቲቮች መካከል በተመሳሳይ መንገድ ይለካል፤ ይህ የማሳውን ጤንነት ያሳያል። በአንዱ በኩል ከግማሽ ቮልት የበለጠ ከጠፋ ያ ክፍል መስተካከል አለበት።

4. ቮልቴጁ ካልወደቀ መሣሪያው ጠፍቶ የእስፒከር ሽቦዎቹ ከአምፕሊፋየሩ ይፈታሉ፤ ኦማቸውም ይለካል። ባለ 4 ኦም እስፒከር በቴስተር ከ4 በጥቂቱ አንሶ ቢነበብ ትክክል ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር መነካካቱ ይታያል። ወረቀቱ በእጅ በቀስታ ሲገፋ ንባቡ የሚዘል ከሆነ ተጣጣፊው ሽቦ ተበጥሷል።

5. ጌይኑ ይስተካከላል። እስፒከሩ ተፈትቶ፣ ቤዝ ቡስት ተዘግቶ፣ የ50 ኸርዝ መሞከሪያ ድምፅ ይከፈታል። የአምፕሊፋየሩ መውጫ በኤሲ ቮልት ይለካል። ሊደረስበት የሚገባው ቮልት የዋቱና የኦሙ ብዜት ዳግም ዘር ነው። ለምሳሌ ለ500 ዋት በ2 ኦም፣ √(500 × 2) = 31.6 ቮልት ይሆናል። ጌይኑ ከዚያ ማለፍ የለበትም።

6. እስካሁን ምንም ካልተገኘ የሲግናል ገመዱና እስፒከሩ ደኅና መሆናቸው በታወቁ ዕቃዎች በየተራ ተተክተው ይሞከራሉ። አምፕሊፋየሩ እስፒከር ሳይገናኝበትም ቀይ ካሳየ ብልሽቱ በራሱ ውስጥ ነው።

ባለ 24 ቮልትና የኤሌክትሪክ መኪናዎች

በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ከሚታዩት የአይሱዙ ዓይነት የጭነት መኪናዎችና መለስተኛ አውቶቡሶች ብዙዎቹ በሁለት ባትሪ 24 ቮልት ይሠራሉ። ለ12 ቮልት የተሠራ ቴፕና አምፕሊፋየር ለመግጠም ቮልቴጁን የሚቀንስ ኮንቨርተር ያስፈልጋል። ባለ 10 አምፔር ኮንቨርተር በ13.8 ቮልት የሚሰጠው 138 ዋት ብቻ ነው። ለቴፕ ቢበቃም ትልቅ አምፕሊፋየር ሲጫንበት በመጀመሪያው ጠንካራ ምት ይዘጋል። ኮንቨርተሩን ለማስቀረት ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት መሳብም የተለመደ ስሕተት ነው። አንዱ ባትሪ ሳይሞላ ሲቀር ሌላው ከመጠን በላይ ስለሚሞላ ሁለቱም ዕድሜያቸው ያጥራል።

የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ አልተርኔተር የለውም። የ12 ቮልቱን ባትሪ የሚሞላው ከትልቁ ባትሪ የሚመጣውን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚቀንስ ክፍል ነው። ይህ ክፍል መብራቱን፣ መጥረጊያውንና የመኪናውን ኮምፒውተሮች ጭምር ስለሚመግብ አምፕሊፋየር ከመገጠሙ በፊት አቅሙ ከመኪናው መመሪያ መታየት አለበት። ኢትዮጵያ በ2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ይህ ጥያቄ ለብዙ ባለመኪናዎች ቅርብ ሆኗል።

ችግሩን የማይፈቱ መፍትሔዎች

ካፓሲተር። ባለ 1 ፋራድ ካፓሲተር ከ14 ወደ 12 ቮልት ሲወርድ የሚሰጠው ጉልበት 26 ጁል ነው። 625 ዋት ለሚስብ አምፕሊፋየር ይህ ለ0.04 ሰከንድ ያህል ብቻ ይበቃል። የመብራትን መደብዘዝ በጥቂቱ ሊያለሰልስ ይችላል እንጂ የደከመ ባትሪን ወይም የዛገ ማሳን አይተካም።

ትልቅ አምፕሊፋየር። ቮልቴጁ የወደቀበትን መሣሪያ በትልቅ መቀየር የሚሳበውን ፍሰት ጨምሮ ብልሽቱን ያባብሰዋል። አምፕሊፋየር ሲመረጥም በጉልህ ከተጻፈው ከፍተኛ ዋት ይልቅ በተከታታይ የሚሰጠው ዋት ይታያል። ሲቲኤ-2006 በተባለው የአሜሪካ ደረጃ መሠረት የሚለካው ኃይል በ14.4 ቮልትና በ4 ኦም፣ የድምፅ መዛባቱ ከ1 በመቶ ሳያልፍ ስለሆነ የተለያዩ ዕቃዎችን ለማወዳደር ያመቻል።

ፊውዝና የቃጠሎ አደጋ

ከባትሪው አጠገብ የሚገጠመው ፊውዝ የተቀመጠው አምፕሊፋየሩን ለመጠበቅ ሳይሆን ኬብሉን ለመጠበቅ ነው። ኬብሉ ከበር ጠርዝ ወይም ከወንበር ሐዲድ ጋር ተፋጭቶ ብረት ቢነካ ባትሪው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይለቅበታል። ፊውዙ በዚያን ጊዜ ካልተቃጠለ የሚቃጠለው ኬብሉና በዙሪያው ያለው ምንጣፍ ነው። ስለዚህ ፊውዙ ከባትሪው ከ45 ሳንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ ይገጠማል። መጠኑም ኬብሉ ሊሸከም ከሚችለው አይበልጥም።

ፊውዙ በተደጋጋሚ የሚቃጠል ከሆነ አንድም ኬብሉ ለአምፕሊፋየሩ አንሷል፣ አንድም የሆነ ቦታ ተነካክቷል። በትልቅ ፊውዝ፣ በሽቦ ወይም በሲጋራ ወረቀት መተካት ቤዙን ሊመልስ ይችላል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ኬብሉን የሚጠብቀው ምንም ነገር አይኖርም። አምፕሊፋየር ያለው መኪና የተቃጠለ የፕላስቲክ ሽታ ካመጣ ወይም ኬብሉ ሲዳሰስ ከሞቀ፣ ሙዚቃው ወዲያው ጠፍቶ የባትሪው ኔጋቲቭ ይላቀቃል፤ መኪናውም በአውቶ ኤሌክትሪሽያን እስኪታይ ድረስ መሣሪያው አይከፈትም።